ቃላዱን የያዘው እጅ፦ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬና የመንደር አስተዳደሩ

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀንን፣ የትኖራንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ አምበርን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂቱ ነው። አውቶቡሱ ለአፍታ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ያልፋታል። ስሟም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም ከዚህች ትንሽ ከተማ ጀምሮ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ የተዘረጋው የጤፍና የስንዴ አገር፣ ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ውስጥ አንድን ከባድ ጥያቄ ለሦስት ተከታታይ መንግሥታት ሲያቀርብ ኖሯል። ጥያቄው «የመንደሩን ጉዳይ የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነው።

እኛ ከተሜዎችና «ተማርን» ባዮች ለዚህ ጥያቄ ስንሰጥ የኖርነው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የጎጃምን ገበሬ «ግብር የማይወድ፣ ለውጥ የሚፈራ ወግ አጥባቂ» ይለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ባመፀ ቁጥር የራሱን የፖለቲካ ምኞት ያለብሰውና «አብዮተኛ» ያደርገዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ገበሬውን አልሰሙትም። ታሪኩን በጥሞና ለሚያይ ሰው ገበሬው መገዛትንም፣ መገበርንም፣ መለካትንም በጥቅሉ እምቢ አላለም። እምቢ ያለው እርሱ በማያዝዘው እጅ መለካትን ነው። ይህን አባባል በማስረጃ ለማሳየት ልሞክር።

መንግሥት ሩቅ በነበረ ጊዜ

በርስት ሥርዓት ዘመን የምሥራቅ ጎጃም መንደር ያለ አስተዳደር የኖረ አልነበረም። መሬት የሚገኘው በትውልድ ሐረግ ነው። በአባትም በእናትም በኩል የአቅኚውን አባት ዘር የቆጠረ ሰው ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። ድርሻውን የሚያካፍሉትም የዘሩ ሽማግሎች ናቸው። ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ያጣራል። እርሻና አጨዳ በደቦና በወንፈል፣ ሐዘንና ደስታ በማኅበርና በሰንበቴ ይከናወናል። ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ነው። በመንግሥትና በገበሬው መካከል የቆመው ጭቃ ሹም እንኳ ከዚያው ከመንደሩ የወጣ፣ በዚያው ደብር የሚሳለምና በዚያው የሚቀበር ሰው ነው። ስለዚህ ሲበድል ይታፈራል፣ ሲያጠፋም ፊት ይነሣል።

ይህን ስል የጥንቱን ዘመን ላስውብ ፈልጌ አይደለም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በንቀት ዓይን ይታዩ ነበር። ሙስሊሙ ከርስት የተገለለ ነበር። ሴት ርስት የመውረስ መብት ቢኖራትም ድርሻዋን በሸንጎ ተሟግታ ማስከበር ለብዙዎቹ ከባድ ነበር። ጉልተኛውም የገበሬውን ላብ ይካፈል ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ አንድ ባሕርይ ነበረው። የመንደሩን ጉዳይ የሚወስነው ሰው በመንደሩ ውስጥ ስለሚኖር የውሳኔው ውጤት እርሱንም ያገኘዋል።

ትምህርት ሳይመጣ የመጣው የትምህርት ግብር

ከነጻነት በኋላ የተመለሰው የአጼ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ዘመናዊ አስተዳደር ለመዘርጋት ቆርጦ ተነሣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ የሚያስከፍል ነበር። ጎጃም ግን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቃላድ የተጣለበት መሬት ምን እንደሆነ ገበሬው በወሬ በወሬ ሰምቷል። መሬቱ ተለክቶ «ትርፍ» የተባለው ለመንግሥትና ለባለሟል ሲሰጥ፣ ባለአገሩ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ለጎጃሜ ርስተኛ እንግዲህ ቃላድ ማለት መለኪያ ገመድ ብቻ አልነበረም፤ ርስት የሚነቀልበት መሣሪያ ነው። መንግሥትም ነገሩን አይቶ በ1937 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ ከጠላት ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው መጠን እንዲገብሩ ፈቀደ።

በዚሁ በ1937 ዓ.ም. የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጋ ሰው በነጻነት ማግስት በገመድ ሲሞት ያየ አገር፣ ከማእከሉ የሚመጣውን ቃል ሁሉ በጥርጣሬ ቢሰማ ሊፈረድበት አይገባም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች ሲደረደሩ አስገራሚ ሥዕል ይሰጣሉ። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ የትምህርት ግብር ተጣለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጤና ግብር ተከተለ። ገበሬው ሁለቱንም ከመሬት ግብሩ ጋር ደርቦ እንዲከፍል ተጠየቀ። ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ግን በአብዛኛው የተሠሩት በከተሞች ነው። ግብሩ በየጓሮው ሲደርስ አገልግሎቱ ከመኪና መንገድ አልዘለቀም። አጥቢያ ዳኛ የተባለው የመንደር ዳኛም በአዋጅ የተቋቋመው በዚሁ በ1940 አካባቢ ነው። ጥቃቅን ክርክሮችን በሰፈሩ እንዲዳኝ ታስቦ የተሾመው ሰው ቀስ በቀስ የመንግሥት መልእክተኛ ሆነ፤ ግብር አስታዋሽና ተፈላጊ አቅራቢ።

ይባስ ብሎ በመጋቢት 1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ወጣ። አውራጃዎች ምክር ቤት እንዲኖራቸው፣ የትምህርት፣ የጤናና የመንገድ ጉዳያቸውን ራሳቸው እንዲይዙ የሚል ነበር። ትእዛዙ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ፤ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስ በጥቂት አውራጃዎች ለሙከራ ከመሞከር አላለፈም። ራስን ማስተዳደር የሚለው ሕግ ሲንቀራፈፍ፣ ከእርሱ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የወጣው የግብር ሕግ ግን ጦር አስከትሎ መጣ።

1960 ዓ.ም.

የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ የወጣው በኅዳር 1960 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ ዘመናዊና ፍትሐዊ ነበር። ግብር በመሬት ስፋት ሳይሆን በገቢ መጠን ይሁን፣ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ይላል። አዲስ አበባ ላሉት የሕጉ አርቃቂዎች የጎጃም ተቃውሞ ግራ ቢያጋባቸው አያስደንቅም። ድሀውን ይጠቅማል የተባለን ሕግ ድሀው ራሱ ለምን በጠመንጃ ይመክታል?

መልሱ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። ገቢን ለማወቅ ምርት መገመት ያስፈልጋል፤ ምርት ለመገመት ደግሞ መሬቱን ማየትና ስምን በመዝገብ ማስፈር ግድ ነው። የግምቱ ሥራ የሚመራው ከላይ ከጠቅላይ ግዛቱ ነው። የጊዜው ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር አስቀድሞ የተቃቃሩ ነበሩ። ገማቾቹ ሲመጡ ገበሬው ያየው የገቢ ግብር ሳይሆን ያንኑ የቆየውን ቃላድ ነው። «ዛሬ ገቢያችንን፣ ነገ ርስታችንን» አለ።

የተቃውሞው አካሄድ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። መጀመሪያ የተደረገው ተኩስ ሳይሆን አቤቱታ ነው። ሽማግሎች ተመርጠው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አልፈው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ግብር አንከፍልም የሚል ጥያቄ አልነበረም የያዙት፤ የጥንቱን ግብር እንክፈል፣ ገማቾቹ ይመለሱልን፣ ገዥው ይነሡልን የሚል ነበር። ሰሚ ሲጠፋ ነው ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ወደ ጠመንጃ የዞሩት። በየአካባቢው የጎበዝ አለቃ ተመረጠ። ይህ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ በጠላት ወረራ ጊዜ የተሠራበት የኅብረተሰቡ የክፉ ቀን ድርጅት ነው። የጎበዝ አለቃው ያስተባብራል፣ የተጣላን ያስታርቃል፣ ከመንግሥት ጋር የተባበረን ይቀጣል። ዛሬ ራቅ ብለን ስናየው፣ በእነዚያ ወራት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር በራሱ ሰዎች ይተዳደር ነበር ማለት ይቻላል።

መንግሥት ጦር ሠራዊት ላከ፤ አየር ኃይልም መንደሮችን ደበደበ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ቤትና አዝመራ ተቃጠለ። ግብሩ ግን አልተሰበሰበም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን መለሱ፤ የአዲሱ ግብር አፈጻጸም ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። ውድ አንባቢ ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ ይበልልኝ። አንድ ጠቅላይ ግዛት በአስተዳደሩ ምክንያት ያመፀበት ሹም ከሹመት አልወጣም፣ ሌላ ሕዝብ እንዲያስተዳድር ተላከ እንጂ። ተጠያቂነቱ ወደ ላይ ብቻ ስለነበረ፣ ላይኛው እስካልተቆጣ ድረስ ሹሙ ጥፋተኛ አይሆንም።

ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል? አዎ፣ የማይፈልገውን አስቀርቷል። የሚፈልገውን ግን አላገኘም። የጎበዝ አለቆቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፣ አስተዳደሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ትምህርት ቤትም ሆነ ክሊኒክ ያን ያህል አልጨመረም። እምቢታ ግብር ያስቀራል እንጂ አገልግሎት አያመጣም።

የገበሬ ማኅበር፦ የእኛ የተባለው የእነርሱ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በአገር አቀፍ ደረጃ ታላቅ ደስታ ፈጠረ። በጎጃም ግን አቀባበሉ ለዘብ ያለ ነበር። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ጭሰኛ ለሆነው የደቡብ ገበሬ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ራሱን ባለርስት ለሚለው የቢቸና ሰው ግን አዋጁ ያለውን የሚያሳጣ መስሎ ታየው። የዕድገት በኅብረት ዘማቾችን በአንዳንድ ቦታ የጠበቃቸው ጭብጨባ ሳይሆን ጥርጣሬና ጥይት ነበር።

እንዲያም ሆኖ አዋጁ ያቋቋመው የገበሬ ማኅበር በሐሳብ ደረጃ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር። ቢያንስ ሃያ ጋሻ መሬት ላይ የሚመሠረት፣ መሪዎቹን በምርጫ የሚሰይም፣ መሬት የሚያከፋፍል፣ የራሱ የፍርድ ሸንጎ ያለው፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚያሠራ የመንደር መንግሥት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ሥራው ታይቷል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት የገጠር እናቶችና አባቶች የዚያ ድርጅት ውጤቶች ናቸው። ያለ ገበሬ ማኅበር ያን ያህል መጠለያ መሥራትና ያን ያህል ሰው መሰብሰብ አይቻልም ነበር።

ችግሩ ወዲያው ተከተለ። መንግሥት እጅግ የተዋጣ መሣሪያ በየመንደሩ እንዳለው ሲረዳ ሸክሙን ሁሉ በላዩ ጫነው። የእህል ኮታ በገበሬ ማኅበር በኩል ሆነ። ጎጃም ትርፍ አምራች በመሆኑ ኮታው ከበደበት፤ ገበሬው ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ደግሞ ለጦር ሜዳ ወጣት የሚመለምለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ጎረቤቱ የመረጠው ሰው የጎረቤቱን ልጅ በሌሊት የሚያስይዝ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ማኅበራችን» የሚለው ቃል በገበሬው አፍ ላይ ስላቅ ቢሆን ይገርማልን?

ከአምበር ብዙም የማትርቀው የትኖራ ለዚህ ሁሉ ምስክር ናት። የትኖራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በደርግ ዘመን ለአገር ምሳሌ ተብሎ የተወደሰ፣ እንግዳ ሁሉ የሚጎበኘው ነበር። ከሌሎች ይልቅ ድጋፍና ትኩረት አግኝቷል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ አባላት ከፈለጉ መውጣት ይችላሉ ሲል ግን የአምራች ማኅበራቱ በአገሪቱ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ የትኖራም አልቀረችም። በፍቅር የቆመ ቢሆን ኖሮ በር ስለተከፈተ ብቻ ባዶ ባልሆነ። በዚያው ዘመን ማንም ያላደራጃቸው ሰንበቴና ማኅበር ግን እንደ ወትሯቸው ጠላቸውን እየጠመቁ ቀጥለዋል።

ሁለት ልኬቶች፦ 1989 እና 1995

ኢሕአዴግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በምሥራቅ ጎጃም ሁለት ጊዜ መሬት ተለካ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የዚህን ጽሑፍ ነጥብ ከማናቸውም በላይ ያስረዳል።

የመጀመሪያው በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ነው። ዓላማው መሬት ለሌላቸው መስጠት ነበር፤ በእርግጥም ብዙ ወጣቶችና ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች መሬት አግኝተውበታል። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ሽግሽጉ ሰውን በስም ከፈለ። በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው «ቅሪት ፊውዳል»፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር የሠራው «ቢሮክራሲ» ተባለ። እነዚህ ከአራት ጥማድ ወይም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ሲወሰን፣ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደ። ጎረቤቶቹ መርጠውት፣ ምናልባትም ያለ ውድ በግዱ፣ የማኅበር ጸሐፊ የነበረ ገበሬ መሬቱን የተነጠቀው በዚያ ምክንያት ነው። ኮሚቴ ነበረ፣ ስብሰባም ነበረ፤ መስፈርቱ ግን ከላይ የመጣ ነው። ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለእነርሱ ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሽግሽጉ ግን ቀጠለ። በጎጃም ገጠር በሕዝብ ተመርጦ ማገልገል ኋላ የሚያስቀጣ መሆኑን ያስተማረው ይህ ዓመት ነው፤ ቁስሉም ሳይሽር ቆይቷል።

ሁለተኛው ልኬት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአማራ ክልል የመሬት ይዞታን መዝግቦ ደብተር ለመስጠት ሲነሣ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነበር። ጎዛምን የአምበር ጎረቤት ነው። ያ በ1960 ዓ.ም. ገማች አላስገባም ብሎ የሞተ አገር፣ በልጆቹ ዘመን ገመድ ሲዘረጋ ምን አደረገ? ድንበሩን ራሱ አሳየ፣ ጎረቤቱ መሰከረ፣ ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጡት የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ መዘገበ። ባልና ሚስት ፎቶግራፋቸውን በአንድ ደብተር ላይ አወጡ። ቅሬታ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የድንበር ክርክርም፣ የአድልዎ ሐሜትም ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የተሰማው በዚያው በመንደሩ፣ እውነቱን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ጥይት አልተተኮሰም።

ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ መሬቱም ያው መሬት። የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ገመዱን የያዘው እጅና የልኬቱ ዓላማ። የመጀመሪያው ልኬት ለመንሣት፣ ሁለተኛው ለማጽናት ነበር።

ሩቅ አገር፣ ቅርብ ነገር

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን አንድ ሩቅ ምሳሌ ልጨምር። በአውስትራሊያ በረሃማ ግዛቶች የሚኖሩ የጥንቱ የአገሬው ሕዝቦች፣ በአቦሪጂኖች ስም በወጣ የ1976 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የራሳቸውን የመንደር ማኅበራትና ምክር ቤቶች በሕጋዊ ሰውነት እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ውኃ፣ ሱቅ፣ ክሊኒክና መኖሪያ ቤት በእነዚህ ድርጅቶች በኩል ይስተናገድ ነበር። የሒሳብ ጉድለትና የዘመድ አሠራር አልጠፋም ነበር። መንግሥት ግን ጉድለቱን ከማረም ይልቅ ውሳኔውን ወደ ላይ አወጣው። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜናዊው ግዛት በቀጥታ ጣልቃ ገባ። በ2008 ደግሞ የግዛቱ መንግሥት ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ የመንደር ምክር ቤቶችን አጥፎ በጥቂት ሰፋፊ አስተዳደሮች ተካቸው። የነዋሪዎቹ ምሬት ለጎጃም ጆሮ እንግዳ አይደለም። አገልግሎት ቀረብን ብቻ አላሉም፤ «ውሳኔያችን ተወሰደ» አሉ። ባለጠጋ አገር እንኳ ገንዘብ እያፈሰሰ የሕዝብን አመኔታ ሊያጣ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ማጠቃለያ

በእኛም አገር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በጀት ወደ ወረዳ መውረዱ፣ ከዚያም የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው መመደባቸው በገጠሩ ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነው። ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ሠራተኛ ያዳነቻት እናት ፖለቲካ አትጠይቅም። ሆኖም አሮጌው በሽታ አዲሱን ሥራ ተከተለው። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ለስብሰባ የሚጠራውና የድርጅት አባል የሚመለምለው ያው አንድ ሰው ሆነ። ኋላም ገበሬው በአንድ ለአምስት ሲደራጅ አገልግሎቱና ቁጥጥሩ በአንድ ገመድ ተቋጠሩ። አንዱን እምቢ ያለ ሌላውን አጣ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃም የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት አጥተዋል፣ መንገዶች ተቋርጠዋል። የጦርነቱን መነሻና ጥፋተኛ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከታሪኩ ተነሥቼ እላለሁ። የ1960ው ትምህርት ለሁሉም ወገን ነው። መንግሥት በጦር ግብር መሰብሰብ እንዳልቻለ ሁሉ፣ ገበሬውም በእምቢታ ብቻ ትምህርት ቤት አላገኘም። ጠመንጃ የያዘም ሁሉ ከገበሬው በኩል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ አንተስ ስታጠፋ ለማን ትጠየቃለህ?

እንግዲህ ሰላም ሲመለስ፣ የሚፈርሰውን ቀበሌ በሌላ ስም መልሶ ማቆም አይበቃም። «አጥቢያ»፣ «ገበሬ ማኅበር»፣ «ቀበሌ» እያልን ሦስት ጊዜ ስም ለውጠናል። የሚያስፈልገው ሦስት ቀላል ነገር ነው። የመንደሩን መሪ የመረጠው ሕዝብ ሊሽረው ይቻለው። ከመንደሩ የሚሰበሰበው ግብርና መዋጮ ስንት እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ በጁምዓም ከስግደት በኋላ በአደባባይ ይነገር። ክሊኒክና ማዳበሪያ የሚሰጠው እጅ የድርጅት አባል ከሚመለምለው እጅ ይለይ።

ሰንበቴ በሚጠጣበት ደጀ ሰላም የማኅበሩ ሙሴ ሒሳቡን ለአባላቱ ሳያስረዳ አይሸኝም። የጎጃም ገበሬ ይህን ሥርዓት ከማንም አልተማረም፤ ሲሠራበት የኖረ ነው። መንግሥት ለገበሬው አስተዳደርን ላስተምር ከማለቱ በፊት ይህቺን አንዲት ነገር ከእርሱ ቢማር ይበጀዋል።